ብስክሌቱን አታሳደው፣ ዞሮ ይመጣል

የፎቶ ጥያቄና መልስ

አውሮፓ ሲበርድ የብስክሌት ውድድር ጣሪያ ስር ይገባል። ለዚህ ይመስለኛል ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ቬሎድሮም የሆኑት። ለማያውቅ አንባቢ፦ ቬሎድሮም አብዛኛውን ጊዜ በእንጨት የተነጠፈ፣ መታጠፊያው ላይ ሽቅብ የቆመ የብስክሌት መም ነው። ብስክሌቶቹ ፍሬን የላቸውም። ማርሽ መቀየር የለም። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር ስለታሰረ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል። እኔ እዚያ የምገባው እንደማንኛውም ተመልካች ትኬት ቆርጬ ነው። የጋዜጠኛ ባጅ የለኝም። ስለዚህ የምለው ሁሉ ከመቀመጫ ወይም ከአጥር ጀርባ ሆኖ ለሚያነሳ ሰው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? የምኖረው ብራሰልስ ነው። ኅዳር ላይ ጌንት ከተማ በሚደረገው የስድስት ቀን የብስክሌት ውድድር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እሄዳለሁ። አምናም ሄጄ ነበር። ካሜራዬ ያገለገለ ነው፤ ያለኝም አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ ብቻ ነው። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ግማሹ ባዶ እንጨት፣ ግማሹ የቀለም ጭረት ሆነብኝ። አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ትልቅ ሌንስ? ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምከረኝ።

መልስ፦ አትግዛ። ቢያንስ ካሜራውን አትግዛ።

አምና የሆነብህን ልገምት። ብስክሌተኛው ሲመጣ አየህ፣ ካሜራውን ወደ እሱ አዞርክ፣ ፎከሱ እስኪይዝ ሰውየው አለፈ። ያነሳኸው የነበረበትን ቦታ ነው። ባዶው እንጨት የመጣው ከዚህ ነው። የፍጥነቱን ነገር በቁጥር ብናየው ይሻላል። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሆላንዳዊው ሃሪ ላቭሬይሰን 200 ሜትሩን በ9.088 ሰከንድ ነው የጨረሰው። በሰዓት ከ79 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ብስክሌቱ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 37 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። በ1/1000 ሰከንድ ግን 2 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ። የስድስት ቀን ተወዳዳሪ ያን ያህል አይፈጥንም፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ሰውየውን ታስቆመዋለህ፣ ወይ አብረኸው ትዞራለህ። ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) 1/250 ሰከንድ ላይ አድርጎ እድሉን የሚሞክር ሰው ከሁለቱም ያጣል፤ ብስክሌቱም ጥርት አይልም፣ የፍጥነት ስሜቱም አይመጣም።

ለማስቆም 1/1000 ያስፈልግሃል፤ ለእሱ ደግሞ ብርሃን። ለዓይናችን አዳራሹ ቦግ ያለ ይመስላል፣ ለካሜራ ግን ጨለማ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ካለብህ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ፈልግ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)። ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ እሱ ነው። ያንተ 18-55 ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ላይ ነው የሚቆመው፤ 50ው ከእሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባልሃል። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 ወይም 6400 አድርገው። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይበል። አሸዋ ያለበት ፊት ከደበዘዘ ፊት ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። የጌንቱ አዳራሽ ኩይፕከ ይባላል። የኦሎምፒክ ቬሎድሮም ዙሩ 250 ሜትር ነው፤ የኩይፕከ ግን 167 ሜትር ገደማ ብቻ። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ዙሩን በ11 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ይሄ ማለት ያመለጠህ ሰው 11 ሰከንድ ሳይሞላ እዚያው ፊትህ ነው። የመንገድ ውድድር ላይ ሦስት ሰዓት ቆመህ ጠብቀህ በአንድ ደቂቃ ያልፍብሃል። እዚህ ግን የምን ማሳደድ ነው? አንድ ቦታ ምረጥ። መሙ ላይ የተጻፈ የማስታወቂያ ፊደል ይሁን ወይም የመጨረሻው መስመር። ፎከሱን እዚያ ያዝና ወደ ማኑዋል ቀይረው። ከዚያ በኋላ ሌንሱን አትነካካ። ብስክሌቱ ቦታው ላይ ሲደርስ ሳይሆን ሊደርስ ሲል ተጫን፤ ጣትህም ካሜራውም ትንሽ ይዘገያሉ። ቀደምክ? ዘገየህ? በሚቀጥለው ዙር ታስተካክለዋለህ።

ሁለተኛው መንገድ ለያዝከው ሌንስ ይስማማዋል። ሻተሩን 1/60 አድርግና ብስክሌተኛውን በካሜራው እየተከተልክ አንሳው። እግርህን አንቀሳቅሰህ አይደለም፣ ከወገብህ በላይ ነው የምትዞረው። ከሩቅ ጀምረህ ያዘው፣ ተጫን፣ ከተጫንክም በኋላ መከተልህን አታቁም። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እንደተጫነ ቀጥ ይላል። ከተሳካልህ ፊቱ ጥርት ብሎ ሕዝቡና ማስታወቂያው ወደ ጭረት ይለወጣል።

ለዚህ ደግሞ ኩይፕከን የሚያህል የለም። በብዙ ሌሎች አዳራሾች ተመልካቹ ከመሙ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ጌንት ላይ ግን መሃል ሜዳው ውስጥ ገብተህ ትቆማለህ፣ ቢራውን ከያዘው ሕዝብ ጋር። ከውጭ ስትሆን ብስክሌቱ ወደ አንተ ሲመጣና ሲርቅ ርቀቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፣ ፎከሱም ግራ ይጋባል። መሃል ላይ፣ የመታጠፊያው እምብርት አካባቢ ከቆምክ ግን መሙ በዙሪያህ ስለሚዞር ርቀቱ ያው ነው። አንዴ የያዝከው ፎከስ መታጠፊያውን ሙሉ ያገለግልሃል። ችግሩ ጭንቅላት ነው። ረጃጅም ቤልጂጎች ፊትህ ይቆማሉ። በጊዜ ግባና አጥሩን ያዝ። ካሜራህንም ከቢራ ጠብቀው።

ማዲሰን የሚባለውን ውድድር በደንብ እይ። የስድስት ቀን ነፍሱ እሱ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይወዳደራሉ፤ አንዱ ሲወዳደር ጓደኛው ከላይ በኩል ዝግ ብሎ ይነዳል። ሲቀያየሩ ሲወዳደር የቆየው የጓደኛውን እጅ ይይዝና ወደፊት ይወረውረዋል። ጀማሪ ሁሉ ከፊት ያለውን፣ የሚፈጥነውን ይከተላል። አንተ የሚያርፈውን ተከተል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ለመያዝ ቀላል ነው። ዓይንህን ከእሱ አትንቀል። በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ከዚያ መታጠፊያውን ተንሸራቶ ይወርዳል፤ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ኋላ በወገቡ በኩል ይዘረጋል። መዳፉ ክፍት ነው። ያኔ ነው የምትጫነው። አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ሁለቱ እጆች ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ክንድ ይወጠራል፤ አንዱ ሲወነጨፍ ሌላው ቀጥ የሚል ይመስላል። በተከታታይ ካነሳህ ከአሥሩ አንዱ ላይ ጣቶቹ ሲቆላለፉ ታገኘዋለህ። ለእኔ በቬሎድሮም ከሚነሳ ፎቶ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከአሸናፊው ከፍ ካለ እጅም ይበልጥብኛል።

የማስወገድ ውድድርም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዙሩ መስመሩን በመጨረሻ ያለፈው ይወጣል። እዚህም ሌንስህን ወደ ኋላ አዙር። ከፊት ያለው ተረጋግቶ ነው የሚነዳው፤ ጭንቁ ያለው ጭራው ላይ ነው፣ ሁለት ሰዎች ላለመውጣት በሚታገሉበት። ኬይሪን ላይ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ በሞተር ጀርባ ተሰልፈው ይጀምራሉ፤ 250 ሜትር መም ላይ ሞተሩ ሦስት ዙር ሲቀር ይወጣል። ግፊያው ያኔ ነው የሚጀምረው፣ ካሜራህ ዝግጁ ይሁን።

ውድድሩ ሲያልቅ ካሜራህን አታውርድ። ፔዳሉ እንደማይቆም ነግሬሃለሁ። መስመሩን ያለፈ ሰው የግድ ሌላ ዙር ይነዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እጅ የሚጨባበጡት፣ ትከሻ ለትከሻ የሚደጋገፉት፣ ራሱን መሪው ላይ ጥሎ የሚያለቅሰውም ያኔ ነው። ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ያንተ 18-55 እንኳ ይበቃል።

ፍላሽ ግን ፈጽሞ አታብራ። ዓይኑ ላይ ብልጭ ያለበት ሰው ፍሬን የለውም፣ አጠገቡም ሌሎች አሉ። የካሜራውን ማሰሪያ አንገትህ ላይ አድርገው፣ ከአጥሩ በላይ አይንጠልጠል። የሌንስ ክዳን መሙ ላይ ቢወድቅ ተዳፋቱ ይዞት ወደ ጎማዎቹ ስር ይወርዳል። ትኬቱ ላይ የተጻፈውንም አንብብ፤ ትልልቅ ሌንስና ትሪፖድ የማያስገቡ አዳራሾች ብዙ ናቸው።

ስለ ውድድሩ ታሪክ ባልደረቦችህ ሲያወሩ እንዳትደናገር ሁለት ነገር ያዝ። ጌንት ላይ በ1922 የተጀመረ ነው፤ ቤልጂጋዊው ፓትሪክ ሴርኩ 11 ጊዜ አሸንፎበታል። እንግሊዛዊው ብራድሊ ዊጊንስ የተወለደው ደግሞ እዚያው ከተማ ነው፤ በ2016 ከማርክ ካቨንዲሽ ጋር አሸንፎ ብስክሌት የሰቀለውም እዚያው ኩይፕከ ላይ ነው። ይህን ካልክ አንድ ቢራ ይጋብዙሃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከጀርመን ነው የምጽፍልህ። አዳራሹ ውስጥ 1/1000 ላይ አድርጌ በተከታታይ ሳነሳ አንዱ ፎቶ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ፣ ሌላው ጨለም ያለ ይሆንብኛል። ምንም አልነካሁም! ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞ ገና እንደገባሁ ሌንሱ ጉም ለበሰና የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች አመለጡኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራሽ ደህና ነው። መብራቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገዱ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይንሽ አያየውም። ሻተርሽ ግን የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ አንዴ መብራቱ ሲደምቅ፣ አንዴ ሲደበዝዝ ይደርሳል። ቀለሙም አብሮ ይለዋወጣል።

ካሜራሽ ማውጫ ውስጥ ይህን መዋዠቅ የሚጠብቅ ማስተካከያ ይኖረው እንደሆነ ፈልጊ። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ አላቸው። እሱን ስታበሪ ካሜራው መብራቱ እስኪደምቅ ጠብቆ ያነሳል፣ ተከታታዩ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ቀለሙ ይረጋጋል። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሻተር ተይው፤ በእንደዚህ ዓይነት መብራት ፎቶው ላይ አግድም መስመር ይጥላል። ማስተካከያው ከሌለሽ 1/100 ላይ አውርጂውና እየተከተልሽ አንሺ፤ ያኔ የመብራቱን አንድ ሙሉ ዑደት ስለምትወስጂ ልዩነቱ ይጠፋል።

ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ማስተካከያውን) አውቶማቲክ ላይ አትተዪው። የመሙ እንጨት ነጣ ያለ ጥድ ነው፤ መብራቱ ከላይ መትቶት ቢጫ ሆኖ ከስር ወደ ተወዳዳሪው አገጭ ይመለሳል። ብዙ እንጨት ያለበት ፎቶ አንድ ቀለም፣ ብዙ ሕዝብ ያለበት ሌላ ቀለም የሚሆነው ለዚህ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር አንድ ነጭ ወረቀት አንስተሽ በእሱ አስተካክዪው። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል ካነሳሽ ቤት ገብተሽም ታርሚዋለሽ፣ ግን እኔ በበኩሌ ኮምፒዩተር ፊት ማምሸት አልወድም።

ጉሙ ምንም አይደለም። እነዚህን አዳራሾች ሆን ብለው ያሞቋቸዋል፤ ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ለብስክሌተኛው ይቀለዋል። ትልልቅ ውድድር ላይ ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። አንቺ ከውጭ ከብርዱ የቀዘቀዘ መስታወት ይዘሽ ስትገቢ ጤዛ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጡ፣ ዚፑን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ቦርሳው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞቃል። እስከዚያ ቡናሽን ጠጪ። በመሐረብ መጥረግ ትርፉ ድካም ነው፣ ወዲያው ተመልሶ ይይዘዋል። ስትለብሺም አስቢበት፤ ካፖርት ይዘሽ 28 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? የልጄ ልጅ እዚህ ማንቸስተር በቬሎድሮሙ ብስክሌት ይለማመዳል፤ 12 ዓመቱ ነው። እኔ ያለኝ ይቺ ስልክ ብቻ ናት። ባነሳሁት ቁጥር ጀርባው ነው የሚወጣው። ልጆቹ ሁሉ ሄልሜት አድርገው አንድ ዓይነት ስለሚለብሱ የቱ እንደሆነም አልለየው። አገር ቤት ላለችው እህቴ ልልክላት ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለልጁ ደማቅ ካልሲ ይግዙለት። ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ ረዘም ያለ። ከልምምድ ልብሱ ጋር ካልከለከሉት በቀር ከመሙ ማዶም ሆኖ ይለዩታል። እኔ ትልልቆቹንም በጫማቸው ነው የምለያቸው።

ጀርባው የሚወጣው ልጁ ፊት ለፊትዎ ሲደርስ ስለሚጫኑ ነው። ስልክ ይዘገያል። ቬሎድሮም ላይ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ከውጭ ለተቀመጠ ሰው ብስክሌቱ ሁልጊዜ ከግራ መጥቶ ወደ ቀኝ ያልፋል። ቀጥታው አልቆ መታጠፊያው የሚጀምርበት ጋ ይቀመጡና ስልኩን ወደ ግራ ያዙሩ። ልጁ ቀጥ ብሎ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ፊቱም ይታያል። ገና ሲመጣ ይጫኑ። በተከታታይ የሚያነሳውን ነገር ልጁ ራሱ ስልክዎ ላይ ያስተካክልልዎት፤ ለእነሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሁለት ጣት አይጎትቱት፣ ፎቶው ይፈርሳል፤ ይልቅ ቀረብ ብለው ይቀመጡ። ፍላሹ መጥፋቱን ደግሞ ሁለቴ ያረጋግጡ።

እውነቱን ልንገርዎትና ለእህትዎ የሚላከው ፎቶ ሲነዳ የሚነሳው አይደለም። ከመነሳቱ በፊት ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ አጥሩን በእጁ ይዞ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። አይንቀሳቀስም፣ ፊቱ ይታያል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገርም ሁሉ ፊቱ ላይ ነው። እሱን ያንሱት።

አንድ ማሳሰቢያ፤ የልጆች ልምምድና ውድድር ላይ ፎቶ ለማንሳት ብዙ ክለቦች አስቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃሉ። አሠልጣኙን ወይም ተቆጣጣሪዋን ይጠይቁ። የሌሎቹ ልጆች ፊት ያለበትን ፎቶ ደግሞ ለእህትዎ ሲልኩ ይቁረጡት፣ ፌስቡክ ላይማ ጭራሽ።

ጥያቄ፦ ይሄ አምድ ለማን ነው የሚጻፈው? አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ያለው ቬሎድሮም የለም። ብስክሌትስ የኛ ስፖርት ነው እንዴ? ስለ ሩጫ ፎቶ ብትጽፍ አይሻልም?

መልስ፦ ስለ ሩጫም እጽፋለሁ። ግን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1956 ሜልበርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። እንግዲህ የኛ አይደለም ማለት ይከብደኛል።

ቬሎድሮም ባይኖርህም ከላይ ለብራሰልሱ ልጅ የነገርኩት መከተል የትም ይሠራል። አመሻሽ ላይ፣ ብርሃኑ ሲደክም፣ አስፋልት ዳር ደህና ቦታ ያዝ። ሻተሩን 1/60፣ አይኤስኦውን ዝቅ አድርግ። ሚኒባስ ታክሲ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ትልቅ ነው፣ በየደቂቃው ይመጣል። እሱን ከለመድክ ወደ ሞተርና ወደ ብስክሌት እለፍ፤ በአዲሶቹ የብስክሌት መንገዶች ላይ ማታ ማታ የሚነዳ ሰው አይጠፋም። 1/60 ሲሰለጥንልህ 1/30 ሞክር። ሲወጣልህ ሁለቱን ላክልኝና እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣቸዋለን፤ የሚኒባሱ ታርጋ ብቻ እንዳይታይ።